12 ቀበሌ፣ 3 ተግባር፣ አንድ የማይነበብ ቻርት

ሰብለ_ወረዳ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው ወረዳ ላይ ነው፤ ዕቅድና ክትትል። የ6 ወር ሪፖርት ደርሷል። ሠንጠረዡ አልቋል፤ ቻርቱ ግን ፈተና ሆኖብኛል።

ዳታዬ ይሄ ነው። 12 ቀበሌ አለ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ 3 ተግባር አለ፦ የማዳበሪያ ስርጭት በኩንታል፣ በኩታ ገጠም የታረሰ መሬት በሄክታር፣ ስልጠና የወሰዱ አርሶ አደሮች በቁጥር። ለእያንዳንዱ ተግባር ደግሞ ዕቅድ፣ ክንውን እና የአምና ተመሳሳይ ወቅት ክንውን አለ። ሁሉንም መርጬ ኮለም ቻርት (የቆመ ባር) ሳደርገው ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ወጣ። ሄክታሩን ኩንታሉ ውጦታል። አለቃዬ አየት አደረጉትና «እሺ፣ ማን ቀደመ? ማን ቀረ?» አሉኝ። ቻርቱ ላይ መልሱ የለም።

ምን ዓይነት ቻርት ልጠቀም? ስንት ይሁን? እንዴት ልደርድራቸው? ኤክሴሌ 2016 ነው። የሚታተመው በኤ4፣ ጥቁርና ነጭ ነው።

ኮፒ_ፔስት | 3፡52

ፓይ አድርጊው ባክሽ፣ በቁራጭ የተከፈለውን ክብ ቻርት። ከለር ከለር ሲል አለቃ ደስ ይለዋል። ስሪዲውን ከመረጥሽማ ጭብጨባም አለው።

አዳማ_ሒሳብ | 4፡15

12 ቁራጭ ያለው ፓይ? ያውም በጥቁርና ነጭ? ተው እንጂ ወንድሜ።

ሰብለ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እዪው። 12 ቀበሌ፣ በ3 ተግባር፣ በ3 ዓይነት ቁጥር 108 ነው። 108 ባር አንድ ላይ ተኮልኩሎ ማን ያነበዋል? ችግሩ የቻርቱ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱን ቻርት ብዙ ጥያቄ ጭነሽበታል።

አለቃሽ ግን ሥራውን አቅልለውልሻል። «ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ» ብለዋል። ይሄ የደረጃ ጥያቄ ነው። ለደረጃ ጥያቄ የተጋደመ ባርን የሚያክል የለም። የቀበሌዎቹ ስም በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል። በቆመው ኮለም ላይ ስም ሲረዝም ኤክሴል ያዘነብለዋል፤ አንባቢው አንገቱን ማጣመም ነው።

ለእያንዳንዱ ተግባር ለብቻው አንድ ቻርት ሥሪ። ኩንታልና ሄክታር አንድ አክሲስ (የመለኪያ መስመር) ላይ አይቀመጡም። ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ የክንውን መቶኛ ኮለም ጨምሪ፤ ክንውን ሲካፈል ለዕቅድ። በሱ ደርድሪ። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የተጋደመው ባር የመጀመሪያውን ረድፍ ከታች ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከትንሽ ወደ ትልቅ ከደረደርሽ አንደኛው ቀበሌ ቻርቱ ላይ ከላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ኤክሴል ገለበጠብኝ እያለ የሚናደደው በዚህ ነው።

ሰብለ_ወረዳ | 4፡31

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። መቶኛ ብቻ ካሳየሁ ግን ዕቅዱ ራሱ አይታይም። እሱን «የት አለ?» ማለታቸው አይቀርም።

ጋሽ_ሰንጠረዥ | 5፡05

ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ዕድሜዬን ቁጥር ስደምር ነው የኖርኩት፤ መቶኛ የሚሸውደውን ያህል የሚሸውድ ነገር የለም።

ዕቅዱ 20 ኩንታል የሆነ ቀበሌ 25 አሰራጨ እንበል። 125 በመቶ ነው፤ አንደኛ ወጣ። ዕቅዱ 2,000 የሆነው ደግሞ 1,800 አሰራጨ። 90 በመቶ ነው፤ ወደ ታች ወረደ። የመጀመሪያው 5 ኩንታል በለጠ፤ ሁለተኛው 200 ኩንታል ጎደለው። አርሶ አደሩ የሚዘራው ግን በኩንታል ነው እንጂ በመቶኛ አይደለም። ሰው መሸለምና መውቀስ ሲመጣ ይሄ ጣጣ አለው።

ስለዚህ ሁለት ቻርት ጎን ለጎን አድርጊ። በግራ መቶኛው፣ በቀኝ ዕቅድና ክንውን በኩንታል። የቀበሌዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን። በቀኙ ቻርት ላይ የቀበሌ ስም አያስፈልግም፣ አጥፊው። ዓይን ከግራው ስም ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

አዳማ_ሒሳብ | 5፡20

ጋሼ ትክክል ናቸው። የቀኙን ቻርት እንዲህ ብትሠሪው ያምራል፦ ዕቅዱ ወፍራም ግራጫ ባር፣ ክንውኑ በላዩ የተኛ ቀጭን ጥቁር ባር። ጥቁሩ ከግራጫው አልፎ ከወጣ ከዕቅድ በላይ ነው፤ ከቀረ ጉድለቱ በዓይን ይለካል።

አሠራሩ ይሄ ነው። ሁለቱን ኮለሞች መርጠሽ ባር ቻርት አውጪ። ክንውኑን ባር ራይት ክሊክ፣ «ፎርማት ዳታ ሲሪስ»፣ «ሰከንደሪ አክሲስ»። አሁን ክንውኑ ዕቅዱ ላይ ይተኛል። «ጋፕ ዊድዝ» የሚለውን ለዕቅዱ 40 በመቶ፣ ለክንውኑ 200 በመቶ አድርጊው። ቁጥሩ ሲያድግ ባሩ ይቀጥናል።

አሁን ዋናው ነገር። ሰከንደሪ አክሲስ ስትከፍቺ ኤክሴል ሁለት የተለያየ መለኪያ ይሰጥሻል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እንዲሁ ከተውሽው 1,800 ከ2,000 ረዝሞ ሊታይ ይችላል። የሁለቱንም አክሲስ ሚኒመም 0፣ ማክሲመም ደግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር በእጅሽ ጻፊ። ከዚያ የላይኛውን አክሲስ «ሌብል» ወደ «ነን» ለውጪው፤ ከዓይን ይጠፋል፣ መለኪያው ግን ይቀራል።

ኮፒ_ፔስት | 5፡33

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ገጽ? ፓይ በሁለት ክሊክ ያልቃል።

ቁጥር_አፍቃሪ | 6፡10

የፓይን ነገር አንዴ እንጨርሰው። ባርም ፓይም የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። ዊሊያም ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። የባር ቻርቱን ያወጣው በፈረንጆቹ 1786 ነው፤ ፓይ የመጣው በ1801።

ባሩ እንዴት እንደተወለደ ደስ ይላል። ፕሌይፌር የአገሮችን ንግድ ከዓመት ወደ ዓመት በመስመር እየሳለ ነበር። የስኮትላንድ ተራ ሲደርስ የነበረው ዳታ የአንድ ዓመት ብቻ ሆነ። በአንድ ዓመት መስመር አይሰመርም። ስለዚህ ስኮትላንድ የነገደችባቸውን 17 ቦታዎች ደርድሮ ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ ባር አቆመ። የዛሬውም ደንብ ከዚያ ብዙ አልራቀም፦ ጊዜ ካለ መስመር፣ አንድ ጊዜ ላይ ብዙ ነገር ካለ ባር።

ፓይን በተመለከተ፣ በፈረንጆቹ 1984 ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ቻርት እያስነበቡ ፈትነው ነበር። ሰው በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ሲያወዳድር እምብዛም አይሳሳትም። ማዕዘን ሲያወዳድር ግን ስህተቱ ይበዛል። ፓይ ማዕዘን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ሲሆን፣ ያውም አንዱ በጣም ሲበልጥ፣ ግድ የለም። ሁለት ፓይ ጎን ለጎን አቁሞ አምናን ከዘንድሮ ማወዳደር ግን ለማንም አይሆንም። ስሪዲውን ብታዘነብለው ደግሞ ወደ አንባቢው የቀረበው ቁራጭ ያለ ሥራው ይወፍራል።

ኮፒ_ፔስት | 6፡14

እሺ ተሸነፍኩ። 1801ን አላወቅኩም ነበር።

ድሬ_ልጅ | 7፡45

በዚሁ አጋጣሚ የኛንም ብሶት ስሙልን። የክልሎችን ሕዝብ የሚያወዳድር ቻርት በወጣ ቁጥር ድሬዳዋና ሐረሪ ይጠፋሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ድሬዳዋ 342 ሺህ ገደማ፣ ሐረሪ 183 ሺህ ገደማ። የኦሮሚያን ባር 15 ሳንቲም ሜትር ብታደርገው የድሬ 2 ሚሊሜትር ነው። የሐረሪ 1 ሚሊሜትር። ፕሪንተሩ ቀለም ካነሰውማ ጭራሽ የለንም።

አንዳንዱ ሎጋሪዝም ስኬል ይላል። አክሲሱ 1፣ 10፣ 100 እያለ ሲዘል ሁሉም ይታያል። ግን ስብሰባ ላይ ሎጋሪዝም ማን ያስረዳል? ያየ ሰው ሁሉ እኩል ነን ብሎ ይወጣል። ባር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሎጋሪዝም ዜሮ ስለሌለው የባሩ ርዝመት ትርጉም ያጣል።

ሰብለ፣ ከቀበሌዎችሽ አንዱ የከተማ ቀበሌ ሆኖ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ ለብቻው አውጪው። ወይም በነፍስ ወከፍ፣ በአባወራ፣ በሄክታር አካፍለሽ አሳዪ። ኩንታል በሄክታር ብትዪ ትንሹም ትልቁም አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

ሰብለ_ወረዳ | 8፡20

ኩንታል በሄክታር አሪፍ ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። አሁን ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ የአምናውን የት ላስገባው? ሁለተኛ፣ በየወሩም የተከፋፈለ ዳታ አለኝ። እሱን በመስመር ስሠራው ነሐሴ ላይ ከፍ ብሎ ወዲያው ገደል ይገባል፤ መስከረም ላይ መልሶ ይነሳል። ስርጭቱ ግን እንደዚያ አልቆመም።

ሐምሌ_1 | 8፡41

ገደሉ ጳጉሜን ነው! የ5 ቀን ወር ከ30 ቀን ወር ጎን አቁመሽ ስታወዳድሪ ሌላ ምን ይወጣል? በ2015 እንደሆነው 6 ቀን ብትሆንም ያው ናት። ወይ ከነሐሴ ጋር ደምሪያት፣ ወይ በቀን አማካይ አስልተሽ አሳዪ። እኔ ከነሐሴ ጋር እደምርና ስሙን «ነሐሴና ጳጉሜን» እለዋለሁ። አንደኛ ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሆነ ድምሩ አይነካም።

እግረ መንገዴን ስለ ቀን ልንገርሽ። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተርሽ ቀን ቀድሞ ወር እንዲከተል ከተስተካከለ፣ 28/02/2017 ብለሽ ስትጽፊ እሱ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 ብሎ ይቀበላል። አንቺ ጥቅምት 28 ማለትሽ ነው። ጥቅምት 30ን 30/02/2017 ብለሽ ስትጽፊ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ሴሉን እዪው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቷል፣ አንዱ ወደ ግራ። ያ ኮለም ተደርድሮም ቻርት ሆኖም አያምርም። 13ኛውን ወርማ ተዪው።

መፍትሔው ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት ኮለም መለያየት ነው። ወሩን በስሙ ጻፊ። ከዚያ «ኦፕሽን» ውስጥ «አድቫንስድ» ግቢና ታች ወርደሽ «ኤዲት ከስተም ሊስት» የሚለውን ክፈቺ። ወሮቹን ከሐምሌ እስከ ሰኔ በተራ ጻፊያቸው። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ብለሽ ሴሉን ወደ ታች ስትጎትቺ ነሐሴ እያለ ራሱ ይሞላል። በሱ ቅደም ተከተልም መደርደር ትችያለሽ። አለበለዚያ በፊደል ተራ ደርድሮ ህዳርን ከሐምሌ ያስቀድምልሻል።

አዳማ_ሒሳብ | 9፡02

የአምናው ነገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ማነጻጸሪያሽ የአምናው ተመሳሳይ 6 ወር ይሁን እንጂ ያለፈው 6 ወር አይሁን። ማዳበሪያ ወቅት አለው። ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ካለው ጋር ብታስተያዪ ወቅቱን ነው የምትለኪው፣ ሥራውን አይደለም።

ቻርቱ ላይ ሦስተኛ ባር አትጨምሪ። አምናና ዘንድሮን ለብቻቸው በላይን ቻርት አሳዪ። ሁለት ነጥብ ብቻ፤ በግራ አምና፣ በቀኝ ዘንድሮ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ መስመር። ወደ ላይ የወጣው ተሻሽሏል፣ ወደ ታች የወረደው ወርዷል። ኤክሴል ገልብጦ 12 ነጥብና ሁለት መስመር ከሰጠሽ «ስዊች ሮው ኮለም» የምትለዋን ጫኛት።

12ቱንም አታድምቂ። ሁሉንም ቀጭን ግራጫ አድርጊና ስለእነሱ ማውራት የምትፈልጊያቸውን ሁለት ሦስት ቀበሌዎች ብቻ ወፍራም ጥቁር። ሌጀንዱን (የትኛው መስመር የማን እንደሆነ የሚዘረዝረውን ሳጥን) ሰርዢው። ስማቸውን በመስመሩ ጫፍ ጻፊው።

ሩጫ_ወዳድ | 10፡15

ሁላችሁም አክሲስ ከዜሮ ይጀምር ትላላችሁ። ሁልጊዜ ነው እንዴ? እኔ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፉልንን ወንዶች ሰዓት ቻርት አድርጌ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም 1960፣ 2፡15፡16። ቶኪዮ 1964፣ 2፡12፡11። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ 1968፣ 2፡20፡26። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ 2000፣ 2፡10፡11። ታምራት ቶላ ፓሪስ 2024፣ 2፡06፡26። ከዜሮ ሳስጀምረው መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነ። አበበ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቀንሶ ሁለቴም የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ቻርቱ ላይ ግን ምንም አይታይም!

ቁጥር_አፍቃሪ | 10፡38

በጣም ጥሩ ምሳሌ። ከዜሮ መጀመር የባር ግዴታ ነው። ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነው፤ ሥሩን ከቆረጥከው ውሸት ተናገረ። ነጥብና መስመር የሚነበቡት በቦታቸው ነው። እነሱ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ አክሲሱ ቁጥሩ ይታይ እንጂ። ያንተን ቻርት ከ0 እስከ 2፡24 አድርገህ በ10 ሳንቲም ሜትር ቁመት ብታወጣው የአበበ ሦስት ደቂቃ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው የምትሆነው።

ከ2፡00 እስከ 2፡25 አድርገው። እዚህ ላይ ኤክሴል ያስቸግራል። እሱ ዘንድ ሰዓት የቀን ክፍልፋይ ነው፤ 24 ሰዓት 1 ነው። ስለዚህ ሚኒመም ላይ 0.083333፣ ማክሲመም ላይ 0.100694 ጻፍ። በ5 ደቂቃ ልዩነት መስመር እንዲያሰምር ሜጀር ዩኒት 0.003472።

ሌላም ነገር አለ። ላይን ቻርት ከሆነና ዓመቶቹን እንደ ስም ከቆጠራቸው ከ1964 እስከ 1968 ያለውንና ከ1968 እስከ 2000 ያለውን እኩል ያራርቃቸዋል። አራት ዓመትና 32 ዓመት እኩል ሆነ ማለት ነው። ስካተር ቻርት (ነጥቦችን በሁለት ቁጥር የሚያስቀምጠውን) ተጠቀም፤ እሱ ዓመቱን እንደ ቁጥር ያያል። የማሞ ሰዓት ከፍ ማለቱን አይተህ ደግሞ እንዳትፈርድበት። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከነጥቡ አጠገብ ይሄን በትንሹ ጻፍበት፤ አለበለዚያ ከቶኪዮ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም።

ሩጫ_ወዳድ | 10፡44

ስካተር! ወንድሜ፣ ዕድሜ ይስጥህ።

ሰብለ_ወረዳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

እሺ፣ ሦስቱን የተግባር ቻርቶች ሠራኋቸው፤ በመቶኛ። አሁን አደራደር ላይ ተያዝኩ። እያንዳንዱን ቻርት በራሱ ደረጃ ልደርድር? ወይስ ቀበሌዎቹ በሦስቱም ላይ በአንድ ተራ ይቀመጡ?

አዳማ_ሒሳብ | 3፡25

በየራሱ ደረጃ። ጥያቄው ማን ቀደመ አይደል? በማዳበሪያ የቀደመው በስልጠና አይቀድም ይሆናል። እያንዳንዱ ቻርት አንደኛውን ከላይ ያሳይ።

ጋሽ_ሰንጠረዥ | 4፡00

እዚህ ላይ አልስማማም። ሦስት የተለያየ ተራ ከሆነ አንድ ቀበሌን ለመከታተል ዓይን ሦስት ቦታ ይፈልጋል። ስብሰባው ላይ የተቀመጠው የቀበሌ ሊቀመንበር መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ነው። «እኔ የት ነኝ?» ይላል። በሦስቱም ላይ አንድ መስመር ላይ ቢሆን በአንድ እይታ ይጨርሳል።

ከሁሉ በላይ፣ አንድ ተራ ከሆነ አንድ ነገር ይገለጣል። ማዳበሪያው ላይ ከላይ ወደ ታች በሥርዓት የሚያጥረው ባር ሁለተኛው ቻርት ላይ እንደዚያው ካጠረ ሁለቱ ሥራዎች አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ከተዘበራረቀ አይሄዱም። ይሄን በየራሱ የተደረደረ ቻርት ፈጽሞ አያሳይም።

አዳማ_ሒሳብ | 4፡12

ጋሼ፣ የሁለተኛው ጥቅም ይገባኛል። ግን ያለቃዋ ጥያቄ እሱ አልነበረም። በስልጠና ማን እንደቀረ ለማወቅ 12 ባር መፈተሽ ሊኖርባቸው ነው።

ጋሽ_ሰንጠረዥ | 4፡20

12 ባር ብዙ አይደለም። ከየቻርቱ መጨረሻ የወጡትን ሁለት ባሮች ጥቁር፣ ሌሎቹን ግራጫ ብታደርጋቸው ዓይን ራሱ ይይዛቸዋል። መደርደሩን ለአንዱ ተግባር ትተን ማድመቁን ለሁሉም ማድረግ ነው።

ድሬ_ልጅ | 4፡26

ጋሼ እዚች ላይ በዝረራ አሸነፉ።

ሐምሌ_1 | 4፡50

ስታስተካክዪያቸው የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ሦስቱን ቻርቶች ለየብቻ አትሥሪ። አንዱን እስኪበቃሽ አስተካክዪው፣ ከዚያ መርጠሽ ኮንትሮል ዲ ተጫኚ፤ ያባዛዋል። የተባዛውን «ሰሌክት ዳታ» ብለሽ ወደ ሁለተኛው ተግባር ኮለም አዙሪው። ቅርጹም ፊደሉም እንዳለ ይቀራል።

የሦስቱንም አክሲስ አንድ አድርጊ፤ ከ0 እስከ 140 በመቶ በዪው፣ የሚበልጥ ቀበሌ ከሌለሽ። ለኤክሴል ከተውሽው አንዱን እስከ 120፣ ሌላውን እስከ 100 ያደርገዋል። ያኔ እኩል የረዘሙ ባሮች እኩል አይደሉም፤ ያየ ሁሉ ይሳሳታል።

ቻርቱን ስትጎትቺ ኦልትን ይዘሽ ጎትቺ፤ ጠርዙ ከሴሎቹ መስመር ጋር ይገጥማል። ስፋትና ቁመቱን ሦስቱንም በኮንትሮል መርጠሽ በአንድ ጊዜ በቁጥር ስጪያቸው። «አላይን ቶፕ»፣ ከዚያ «ዲስትሪቢውት ሆሪዞንታሊ»። አለቀ። በዓይን እየገመቱ መግፋት ጊዜ መፍጀት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሠንጠረዡ ላይ ፊልተር ስታደርጊ ወይም ረድፍ ስትደብቂ ከጎኑ ያለው ቻርት አብሮ ይጨማደዳል። የቻርቱ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዶንት ሙቭ ኦር ሳይዝ ዊዝ ሴልስ» የሚለውን ምረጪ። የተደበቀው ረድፍም ከቻርቱ ይወጣል። ለሪፖርት ቻርቶቹን ወደ ሌላ ሺት ማዛወሩ ይሻላል።

ስልክ_ብቻ | 5፡37

እኔ ላፕቶፕ የለኝም፣ ጉግል ሺትስ በስልክ ነው የምሠራው። ለኔ ቢጤ ቻርት መደርደር ቅጣት ነው። ስፓርክላይን የሚለውን ፎርሙላ ሞክሩት፤ ሴሉ ውስጥ ትንሽ መስመር ወይም ባር ይስላል። ከቀበሌው ስም ጎን የወራቱ አካሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤክሴልም ላይ ከ2010 ስሪት ጀምሮ አለ፣ እዚያ «ኢንሰርት» ሥር ነው።

ቁጥር_አፍቃሪ | 5፡50

ስፓርክላይን እወዳለሁ። ግን እሱም በነባሪው እያንዳንዱን ሴል በራሱ መለኪያ ነው የሚስለው። የአካሄድ ቅርጽ ለማየት ጥሩ ነው። መጠን ለማወዳደር ከሆነ ለሁሉም አንድ ማክሲመምና ሚኒመም ስጠው።

ሰብለ_ወረዳ | 8፡15

የአንዱ ቀበሌ ፋይል በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። ሠንጠረዡ ላይ አማርኛ ነው፤ ቻርቱ ላይ ሲሄድ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ይሆናል። ምንድነው?

ሐምሌ_1 | 8፡22

የድሮው ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደንብ) አይደለም። ፊደሉ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ሲያለብሰው ነው። ቻርት የራሱ ፎንት አለው፣ የሴሉን አይወርስም፤ ስለዚህ ልብሱ ይወልቃል። የቻርቱን ፎንት ወደ ፓወር ግዕዝ ብትቀይሪው ደግሞ በዩኒኮድ የተጻፉት 11 ስሞች ጣጣ ያመጣሉ። አንዱን ስም በዩኒኮድ እንደገና ጻፊው። አንድ ስም ነው፣ ይቀላል።

ሰብለ_ወረዳ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡05

ጨርሼ ለአለቃዬ አሳየሁ። ሁለት ገጽ ሆነ። አንደኛው ገጽ፣ ኤ4 በአግድም፣ ሦስት የመቶኛ ቻርት ጎን ለጎን። የቀበሌ ስም በግራው ላይ ብቻ። ተራው በማዳበሪያ ነው፣ ጋሽ እንዳሉት። በየቻርቱ ወደ ኋላ የቀሩት ሁለት ሁለት ቀበሌዎች ጥቁር። 100 በመቶ ላይ ቀጭን የቆመ መስመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ በግራ የኩንታሉ ዕቅድና ክንውን፣ በቀኝ አምናና ዘንድሮ። ወርኃዊውን ተውኩት፤ አልተጠየቀም።

ርዕሶቹንም ቀየርኳቸው። «የማዳበሪያ ስርጭት አፈጻጸም በቀበሌ» የሚለውን ትቼ «በማዳበሪያ ሁለት ቀበሌዎች ከዕቅዳቸው ግማሽ አልደረሱም» አልኩት። አለቃዬ ርዕሱን አንብበው ቀጥታ ወደ ጥቁሮቹ ሄዱ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ስልጠና ላይ ያለው ይሄ ቀበሌ ዜሮ ነው ወይስ አልላኩም?»

ጋሽ_ሰንጠረዥ | 4፡18

ጎበዝ ልጄ! አለቃሽም ጎበዝ ናቸው። ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። ስልጠና ካልተሰጠ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ጻፊ። ሪፖርት ካልመጣ ሴሉን ባዶ ተዪው። ባር ላይ ሁለቱም ያው ይመስላሉ፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ ላይ በጽሑፍ መግለጽ አለብሽ።

አዳማ_ሒሳብ | 4፡30

ፎርሙላ ካለበት ደግሞ ተጠንቀቂ። ባዶን ለዕቅድ ስታካፍዪ መልሱ ዜሮ ይሆንና ቀበሌው ያለ ጥፋቱ መጨረሻ ይወጣል። «ኢፍ» በዪና ክንውኑ ባዶ ሲሆን መቶኛውም ባዶ ይሁን። በላይን ቻርቱ ላይ ግን ባዶ ጽሑፍ እንደ ዜሮ ይሳላል፤ እዚያ ኤንኤ የሚለውን ፎርሙላ ተጠቀሚ፣ ነጥቡን ይዘለዋል።

ሰብለ_ወረዳ | 9፡40

ደወልኩላቸው። ስልጠናው ተሰጥቷል፣ ቅጹ ነው ያልደረሰው፤ ነገ በሰው እንልካለን ብለዋል። ለጊዜው ባሩን አንስቼ ቦታው ላይ «ሪፖርት አልደረሰም» ብዬ ጽፌያለሁ። ጥቁር ቀለሙንም ከሱ ላይ አንስቼ ቀጥሎ ላለው ሰጠሁት።

ኮፒ_ፔስት | 9፡46

ቀጥሎ ያለው ቀበሌ ሊቀመንበር ይሄን ክር እንዳያገኘው ብቻ።